የተማረ ያስተምር

ገንዘብ ሲያካፍሉት ይጎድላል፤ ዕውቀት ግን ሲያካፍሉት ይበዛል ሲባል ከልጅነቴ ጀምሬ ሰምቼአለሁ። መምህር ከሆንሁም በኋላ ይህንኑ ቃል ለተማሪዎቼ ደጋግሜ ነግሬአለሁ። ይሁን እንጂ በአፌ የምመክረውን በእጄ ስከለክል እንደ ኖርሁ ያስተዋልሁት ዘግይቼ ነው። ክቡራን አንባብያን፤ ዛሬ የማወጋችሁ ስለዚሁ ስሕተቴና ስሕተቴን ስለ ገለጡልኝ ልጆች ነው። በየቤታችሁ ልጆች የምታሳድጉ ወላጆችም ምናልባት የሚጠቅማችሁ ነገር ታገኙበት ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ፊደል የቆጠርሁት በመዘዞ ነው። መዘዞ ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ የምትገኝ የሰሜን ሸዋ ደገኛ ከተማ ናት። ብርዱ ብርቱ ነው፤ ምድሩ ገብስና ባቄላ ያበቅላል፤ የበጉም ጠጉር በእናቶች እጅ ተፈትሎ ባና ይሆናል። በዚያ የኔታ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ከሠላሳ የምንበልጥ ልጆችን ያስተምሩ ነበር። እንግዳ ሰው በዚያ ቢያልፍ ሁላችንም በየድምፃችን ስንጮኽ ይሰማና «ይህ ምን ዓይነት ትምህርት ነው?» ብሎ ይገረም ነበር። ነገር ግን ጩኸቱ ሥርዓት ነበረው። ሀሁን የጨረሰው አዲስ ለመጣው ፊደል ያስቆጥራል፤ አቡጊዳን የዘለቀው ሀሁ ላይ ያለውን ያርማል፤ መልእክተ ዮሐንስን የሚያነበው ደግሞ ዳዊት ከሚደግመው ዘንድ ቀርቦ ይታረማል። ማታ ማታም በጨለማ ተቀምጠን ውዳሴ ማርያምንና መልክአ ኢየሱስን የምናጠናው ከታላላቆቻችን አፍ እየተቀበልን ነበር። የኔታም በመጨረሻ እያንዳንዳችንን ይሰማሉ፤ የተበላሸውን ያቀናሉ፤ ያላጠናውን ይገሥጻሉ።

እኔን ፊደል ያስቆጠረኝ በሁለት ዓመት የሚበልጠኝ የጎረቤታችን ልጅ ነው። ኀንና ነን መለየት አቅቶኝ ብዙ ቀን አስቸግሬዋለሁ። አንድ ቀን አመድ ዘግኖ መጣና በመሬት ላይ በተነው፤ ሁለቱንም ፊደላት በጣቱ ጽፎ «እዚህ ላይ ያለችውን መጠምዘዣ አየሃት? እኔም አምና የምሳሳተው በዚህች ነበር» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተሳሳትሁም። የኔታ ፊደልን ካወቁ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበርና አለማወቅ ምን እንደሚመስል ረስተውታል። ያ ልጅ ግን ካወቀ ገና አንድ ዓመቱ ስለ ሆነ የእኔ እግር የሚሰናከልበትን ድንጋይ ደኅና አድርጎ ያውቀው ነበር።

ዲቁና ከተቀበልሁ በኋላ ደግሞ ጥቂት ዘመን ቅኔ ቤት ገብቼ ጉባኤ ቃናና ዘአምላኪየ ቈጥሬአለሁ። በቅኔ ቤት ተማሪው ብቻውን ሆኖ ያሰበውን ቅኔ ይዞ ወደ መምህሩ ይቀርብና ይነግራል። የሰው ቅኔ ወይም የትናንቱን ቅኔ ይዞ የቀረበ ያፍራል፤ ዕለት ዕለት አዲስ ነገር ማምጣት ግዴታ ነውና። መምህሩም ባልንጀሮቹ እየሰሙ ምሥጢሩ የት እንደ ጐደለ፣ ቃሉም የት ላይ እንደ ተሳሳተ ያሳዩታል። ተማሪውም የተነገረውን ይዞ ወደ ብቸኝነቱ ይመለሳል፤ በማግሥቱም የተሻለ ይዞ ይመጣል።

እንግዲህ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሁለት ታላላቅ ነገሮች ተቀብዬ ነበር። አንደኛው የተማሩትን ወዲያው ለባልንጀራ ማስተማር ሲሆን፤ ሁለተኛው ያሰቡትን አዲስ ነገር በጉባኤ ፊት አቅርቦ መታረም ነው። ነገር ግን ዘመናዊ ትምህርቴን ጨርሼ መምህር በሆንሁ ጊዜ ሁለቱንም በየኔታ ዛፍ ሥር ትቻቸው መጣሁ።

በ1997 ዓ.ም. እኔ ገና ጀማሪ መምህር ሳለሁ «ፕላዝማ» የሚባለው ቴሌቪዥን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገባ። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ ይነገራል፤ ግማሽ ሰዓት ያህልም ሳያቋርጥ ይፈስሳል። ለክፍሉ መምህር የሚቀሩለት በመጀመሪያና በመጨረሻ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። ሥዕሉ ያማረ፣ ትምህርቱም የተደከመበት ነበር። ነገር ግን ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያነሣ ቴሌቪዥኑ አያየውም፤ ቆም በልልኝ ቢለውም አይሰማውም። ታላቅ መሣሪያ ወደ ክፍል ሊገባ፣ ልጆቹ ግን ከደጅ ሊቀሩ እንደሚችሉ ያን ጊዜ ባየሁ ነበር፤ ዳሩ ግን አላስተዋልሁትም።

ይህንንም አለማስተዋሌን የገለጠው በ2010 ዓ.ም. የሆነው ነገር ነው። በማስተምርበት ትምህርት ቤት ዐሥራ ሁለት ኮምፒዩተሮች ነበሩ። ክፍሉን እንድጠብቅ ቁልፉ ለእኔ ተሰጠኝ። ልጆቹ ብዙዎች፣ መሣሪያዎቹም ጥቂቶች ስለ ሆኑ ይሰበራሉ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ክፍሉን ቈልፌ የኮምፒዩተሩን የፊደል ገበታ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየሣልሁ አስተማርሁ። ልጆቹም «ኮምፒዩተር ማለት…» ብሎ የሚጀምረውን ትርጓሜ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ያዙት። በፈተናም መልካም ውጤት አመጡ፤ እኔም ደስ አለኝ። መሣሪያዎቹ ግን አቧራ ለብሰው በጨለማ ይኖሩ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን አቧራውን ላስጠርግ ስል ከክፍሉ አንደኛ የወጣውን ልጅ ጠርቼ «እስኪ አንዱን አብራው» አልሁት። ልጁ የኮምፒዩተርን ክፍሎች በሙሉ ቢጠየቅ ሳይሳሳት ይዘረዝራል። በመሣሪያው ፊት በቆመ ጊዜ ግን ማብሪያውን አጥቶ ላብ አጠመቀው፤ እጁም ተንቀጠቀጠ። በበሩ አጠገብ መጥረጊያ ይዛ የቆመች አንዲት ልጅ ነበረች። አባቷ ኦፓል ቆፋሪ ነው፤ እርስዋም በፈተና ከመጨረሻዎቹ አንዷ ነበረች። ቀረብ አለችና ልታበራው ትችል ስትሆን አላበራችውም። የልጁን እጅ ያዘችና ጣቱን በማብሪያው ላይ አስቀምጣ «አይዞህ፤ አይሰበርም፤ ተጫነው» አለችው። መሣሪያው በራ። ከየት እንደ ተማረች ብጠይቃት የወንድሟን ሞባይል እየነካካችና በከተማው ሱቅ በር ቆማ ሰው ሲሠራ እያየች እንደ ተማረች ነገረችኝ። በዚያች ሰዓት አመድ ዘግኖ የመጣው የጎረቤታችን ልጅ ትዝ አለኝ፤ በኪሴ ያለውም ቁልፍ ከበደኝ።

በማግሥቱ ክፍሉን ከፈትሁት፤ ከልጆቹም ጋር ሦስት ሕግ አወጣን። አንደኛ፤ ዛሬ አንድ ነገር የተማረ ነገ ለሁለት ባልንጀሮቹ ያስተምራል። ሁለተኛ፤ የሚያስተምረው እጁን ወደ ኋላ ያደርጋል፤ በቃሉ ይናገራል እንጂ መሣሪያውን አይነካም፤ የሚነካው ተማሪው ነው። ሦስተኛ፤ የማያውቀውን የተጠየቀ «አላውቅም፤ ጠይቄ እመጣለሁ» ይላል እንጂ አይዋሽም። ከሦስቱ የከበዳቸው ሁለተኛው ነበር። የሚያውቅ ሰው የባልንጀራውን ዝግታ መታገሥ ይቸግረዋልና «ቆይ እኔ ላሳይህ» ብሎ ይነጥቀዋል። እጅን ወደ ኋላ ማድረግ ግን አስተማሪውን ሐሳቡን በቃል እንዲገልጥ ያስገድደዋል፤ በቃል ሲገልጠውም እርሱ ራሱ በትክክል ያልገባውን ነገር ያገኘዋል። ያ አንደኛ የሚወጣው ልጅ «መምህር፤ የማውቀው ይመስለኝ የነበረው ግማሹ አላውቀውም ነበር» ብሎኛል። ያችም ልጅ በመጽሐፍ ያለውን ከእርሱ፣ እርሱም በእጅ የሚሠራውን ከእርስዋ ተማሩ።

ነገሩ ሁሉ ያለ ችግር ሄደ ብል ግን እውነቱን መሸሸግ ይሆንብኛል። ከልጆቹ አንዱ መሣሪያውን የሚያጠፋው ገመዱን ከግድግዳው በመንቀል ነበር። እርሱ ለሁለት አስተማረ፤ ሁለቱም ለአራት አስተማሩ፤ ሳምንት ሳይሞላ የክፍሉ ልጆች ሁሉ ገመድ ነቃዮች ሆኑ። ከዚህም የተነሣ ሁለት ኮምፒዩተሮች አንበራም አሉ። ያን ዕለት ቁልፉን መልሼ ልይዝ ቃጥቶኝ ነበር። ነገር ግን የኔታ አንድ ልጅ ንባብ አበላሸ ብለው ጉባኤውን አልበተኑም፤ የሚሰሙበትን ጊዜ አበዙ እንጂ። እኔም ዘወትር ዓርብ የሚያስተምሩት ልጆች አንድ በአንድ እየቀረቡ የሚያስተምሩትን እንዲያሳዩኝ አደረግሁ። ተማሪ ለተማሪ ቢያስተምር የመምህሩ ሥራ አይቀርም፤ ጆሮው ከአፉ ይልቅ እንዲሠራ ይሆናል እንጂ።

ይህ አሠራር የእኛ ብቻ አይደለም። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አንድሩ ቤል የሚባል የስኮትላንድ ሰው በህንድ አገር በማድራስ ልጆች በአሸዋ ላይ ፊደል እየጻፉ ሲማሩ አይቶ፣ በሚያስተዳድረው ትምህርት ቤት ልጅ ለልጅ እንዲያስተምር አደረገ። በ1798 ደግሞ ጆሴፍ ላንካስተር በለንደን በዚህ ዓይነት አሠራር ለብዙ ድኾች ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ። በአገራችንም ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በታወጀ ጊዜ ብዙ ወጣት ተማሪዎች ወደ ገጠር ሄደው የእናቶቻቸው እኩያ የሆኑትን ፊደል አስቆጥረዋል። እናቴ ስሟን መጻፍ የቻለችው ከእነዚሁ አንዱ ባስተማራት ነው።

በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሆነው ግን ከሁሉ ይልቅ ያስደንቃል። «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ማንበብ ለማያውቁ ልጆች በፀሐይ ኀይል የሚሞሉ ታብሌቶችን በካርቶን እንደ ታሸጉ ሰጠ፤ አስተማሪም አልላከላቸውም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በኋላ እንደ ተናገሩት፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥም ልጆቹ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ነበር። አንዱ ያገኘውን ለሌላው ሲያሳይ ማንም አላዘዘውም። እኔ ግን በዚያው ዘመን ልጆች ኮምፒዩተር ይሰብራሉ ብዬ የማስብ መምህር ነበርሁ።

ልጆቹ መሣሪያውን ከለመዱ በኋላ «እንግዲህ በዚህ ምን እንሠራበታለን?» የሚል ጥያቄ መጣ። በዚያው ዘመን ገደማ አይኮግ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት «ሶልቭ ኢት» በሚል ስም ወጣቶች ለየአካባቢያቸው ችግር መፍትሔ አስበው የሚያቀርቡበት ውድድር ያካሂድ ነበር። በዚህ ሥራ ከታወቁት አንዷ ቤተልሔም ደሴ ናት፤ እርስዋም በሐረር በልጅነቷ በአባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ ኮምፒዩተር የለመደች ናት። እኔም ይህን በሰማሁ ጊዜ የቅኔ ቤት ጉባኤ ትዝ አለኝና «እኛስ በአገራችን ሰው ፊት ለምን አናቀርብም?» አልኋቸው።

በ2011 ዓ.ም. በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወላጆችን፣ የዕድር ሽማግሎችን፣ ባና የሚፈትሉ እናቶችንና ኦፓል ቆፋሪዎችን ጠራን። ልጆቹ ሦስት ሦስት እየሆኑ አገሩን የሚጠቅምና ገቢም የሚያስገኝ ሐሳብ እንዲያቀርቡ፣ ሲናገሩም አያቶቻቸው በሚሰሙት አማርኛ ብቻ እንዲናገሩ ተስማማን።

አስቀድመው የቀረቡት ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሩ። የባናውን ፎቶግራፍ በሞባይል እያነሡ ለአዲስ አበባ ገዢዎች ማሳየት እንደሚቻል ባማረ አነጋገር ገለጡ። አንዲት አሮጊት ግን ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና «ልጆቼ፤ ተባረኩ። እኛ እኮ ገዢ አላጣንም፤ ያጣነው ጠጉሩን ነው። እስኪ ስለ በጉ ንገሩን» አሉ። ሕዝቡ ሳቀ፤ ልጆቹም አቀረቀሩ። በመሣሪያው ብዙ ደክመው ነበር፤ ነገር ግን አስቀድመው የፈታዮቹን ደጅ አላንኳኩም። ችግሩን ከባለቤቱ ሳይጠይቁ መፍትሔ መፈለግ በሽተኛውን ሳያዩ መድኃኒት እንደ መቀመም መሆኑን ከእኔ ትምህርት ይልቅ ከእኒያ እናት አንድ ቃል ተማሩ።

ቀጥላ የቆፋሪው ልጅ ተነሣች። የመዘዞ ኦፓል በ1980ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ወደ ዓለም ገበያ የወጣ የከበረ ድንጋይ ነው። ክብ ሆኖ ቡናማ ቅርፊት ያለው ድንጋይ ሲፈለጥ በውስጡ ብዙ ኅብረ ቀለም ይታያል። ቆፋሪው ግን የድንጋዩን ዋጋ በትክክል ስለማያውቅ ገዢው በጠራለት ይሸጣል። ልጅቱ ያሰበችው እያንዳንዱን ድንጋይ ፎቶግራፍ አንሥቶና መዝኖ፣ የተሸጠበትንም ዋጋ በኮምፒዩተር መዝግቦ ለሚቀጥለው ሻጭ ማሳወቅ ነበር። ለዚህም ሥራ ቆፋሪዎቹ ከየሽያጩ ጥቂት ሳንቲም እንዲከፍሉ አሳሰበች። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ያን ጊዜ አባቷ ከኋላ ተነሥቶ «ልጄ፤ የዋጋውስ መልካም ነው። ድንጋዩ ገዢው እጅ ገብቶ ሲሰነጠቅ ግን መዝገብሽ ምን ይለዋል?» አላት።

ይህ ጥያቄ ቀላል አልነበረም። ኦፓል በውስጡ ውኃ ያዘለ ድንጋይ ነው፤ ከመሬት ወጥቶ ሲደርቅ አንዳንዱ ይሰነጠቃል፤ የመዘዞውም በዚህ ጠባዩ ይታወቃል። በ2000 ዓ.ም. በወሎ ወገል ጤና ይበልጥ የሚጸና ኦፓል ከተገኘ ወዲህ ብዙ ገዢዎች ፊታቸውን ወደዚያ አዙረዋል። አባቷም በዚህ ነገር የተጎዳ ሰው ነበር። በዓመቱም መጨረሻ ልጅቱን ከትምህርት ሊያስወጣት እንዳሰበ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበርና ልቤ ፈራ። እርስዋ ግን ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «አባዬ፤ ይህን አላሰብሁትም። ጠይቄ እመጣለሁ» አለችው። በክፍላችን ያወጣነውን ሦስተኛውን ሕግ በሕዝብ ፊት ፈጸመችው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ባልንጀሮቿን ይዛ ወደ አሮጌዎቹ ቆፋሪዎች ተመላለሰች። የየትኛው ጕድጓድ ድንጋይ ቶሎ እንደሚሰነጠቅ፣ የየትኛው እንደሚጸና የሚያውቁት እነርሱ ነበሩና። ከዚያም ሐሳቧን አርማ ተመለሰች። ድንጋዩ ከጕድጓድ የወጣበት ቀንና የጕድጓዱ ስም ይመዘገባል፤ ሳይሸጥ ሦስት ወር በጥላ ይቈያል፤ ከተሰነጠቀም ይህ ራሱ ይጻፋል። ያልተሰነጠቀው ብቻ ከፎቶግራፉ ጋር ለገበያ ይቀርባል።

ይህ ሐሳብ ማንንም ባለጠጋ አላደረገም። ሦስት ወር ለመታገሥ የሚችሉት ጥቂቶች ነበሩ፤ ዋጋውንም የሚቆርጠው እንደ ቀድሞው ገዢው ነበር። ነገር ግን የታገሡት «ይህ ድንጋይ ከወጣ ሦስት ወሩ ነው፤ መዝገቡም ይኸው» ለማለት ቻሉ። በዓመቱ መጨረሻ አባቷ ወደ እኔ መጣና ባርኔጣውን አውልቆ «መምህር፤ መዝገቡን የሚይዝልኝ ሌላ ሰው የለኝምና ትቀጥል» አለኝ። እኔም ሳቄን ዋጥ አድርጌ «መልካም አስበዋል» አልሁት።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ። የእኔን ንግግር ብቻ ይሰሙ የነበሩት የቀድሞ ተማሪዎቼ ቢሆኑ ኖሮ ከክፍሉ መዘጋት ጋር ትምህርታቸውም ይዘጋ ነበር። እነዚህ ልጆች ግን በየቤታቸው ታናናሾቻቸውን ያስተምሩ ነበር። በአንድ ቤት ደጃፍ ሳልፍ ያች ልጅ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ታናሽ ወንድሟን በሞባይል መደመር ስታስተምረው አየሁ። ከዚያም ወዲህ በሰሜን ሸዋ ላይ የደረሰው መከራ የትምህርት ቤትን በር ደጋግሞ ዘግቶታል። በሩ ሲዘጋ የሚቀረው በልጆች መካከል የተዘራው ብቻ እንደ ሆነ በዓይኔ አይቻለሁ።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በኮምፒዩተር ሙያ ለማሠልጠን የታሰበ ሥራ ተጀምሮ ብዙ ወጣቶች በኢንተርኔት እየተማሩ የምስክር ወረቀት ተቀብለዋል። ይህ መልካም ነው። የምስክር ወረቀት ይዞ ወደ ቤት ለሚገባ ልጅ ግን ወላጆቹ ሁለት ጥያቄ እንዲያቀርቡለት እለምናለሁ። «ይህን ለማን አስተማርኸው? ለሠፈራችንስ ምን ይጠቅማል?» ይበሉት። ለሁለቱም መልስ ካለው ትምህርቱ በእርግጥ የእርሱ ሆኗል። መልስ ባይኖረው ግን አይቆጡት፤ «ጠይቄ እመጣለሁ» እንዲል ያስለምዱት።

እኔም ዛሬ የዚያን ክፍል ቁልፍ አልይዝም፤ የሚይዙት ተማሪዎቹ በየተራ ናቸው። አንዳንድ ጊዜ በመስኮት ቆሜ ሁሉም በየድምፁ ሲጮኽ እሰማለሁ። የየኔታ ዛፍም ትዝ ይለኛል። የተማርነውን ሳንሰስት ለማካፈል፣ ያላወቅነውንም ሳናፍር ለመጠየቅ እግዚአብሔር ይርዳን።